ኮማንዶዎቹ ናዝሬት የገቡ ዕለት

እንግሊዝኛ እችላለሁ። አትሳቁ። ክፍል ከፈለጋችሁ፣ ቁልፍ ከጠፋባችሁ፣ ሙቅ ውኃ አልመጣ ካላችሁ፣ ቁርስ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ለማወቅ ከቸኮላችሁ እኔ ጋ ኑ። አዳማ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ፈረንጅ ከበር ሲገባ ባልደረቦቼ ድንገት ሥራ ይበዛባቸዋል፤ እኔ ክራቫቴን አስተካክዬ ወደ ፊት እወጣለሁ። “ጉድ ሞርኒንግ ሰር፣ ዌልካም” ካልኩ በኋላ ያለው የለመድኩት መንገድ ነው። ፈረንጁ ከመንገዱ ከወጣብኝ፣ ስለ አገሩም ይሁን ስለ ሚስቱ ማውራት ከጀመረ፣ “ኖ ፕሮብሌም ሰር” እለዋለሁ። በዚህች ቃል የተከፋ እንግዳ የለኝም። አንዱ ብቻ አፍጥጦ አይቶኝ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ሄደ፤ ኋላ ስሰማ እናቱ ማረፏን ነበር የነገረኝ።

ይህን እንግሊዝኛዬን ለራሔል ስነግራት ትንሽ አሳመርኩት። ራሔል ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር የመጋረጃ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ስትስቅ ሜትሩ ከእጇ የሚወድቅባት ልጅ ናት። ለሆቴሉ መጋረጃ ልገዛ ገብቼ፣ ከፍዬ፣ ጨርቁን እዚያው ረስቼ የወጣሁ ዕለት ነው የተዋወቅነው። አንድ ቀን ጁስ ስንጠጣ “እኔ ፊልም ያለ ጽሑፍ ነው የማየው” አልኳት። ውሸት አይደለም፤ ያለ ጽሑፍ ነው የማየው። ይገባኛል አላልኩም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

ነገራችን እየጠና ሄዶ ሽማግሌ መላክ ላይ ደረስን። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አባቷ ሃምሳ አለቃ ታደሰ ጡረታ የወጡ አየር ወለድ ናቸው። በሰፈራቸው የባጃጅ ሾፌሮች በራቸው ላይ ሲደርሱ ሙዚቃ ይቀንሳሉ። እኔ ደግሞ ለሥራ ብዬ ከደብረ ብርሃን የመጣሁ፣ አዳማ ውስጥ አክስት የለኝ፣ አጎት የለኝ፣ የሚያውቀኝ ሰው ቢኖር የሆቴሉ ዘበኛ ነው።

“ዝም ብለህ ሽማግሌ ብትልክ አባቴ ‘ልጁ የማን ነው?’ ብሎ ይጠይቃቸዋል” አለችኝ ራሔል። “የሚመልሱት ሲያጡ ተነሥተው ይሄዳሉ። አስቀድሞ እሱ ራሱ ይይህ። ከወደደህ ሌላው ቀላል ነው።”

“ካልወደደኝስ?”

“ካልወደደህማ...” አለችና ያጠፈችውን መጋረጃ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። እኔም መልሱ ገባኝ።

መላውን ያመጣችው እሷ ናት። ለአባቷ አንድ የድሮ የጦር ጓደኛቸው ፍላሽ ሰጥቷቸዋል። ፍላሹ ላይ ያለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ዘመቱ የእንግሊዝ ኮማንዶዎች የተሠራ ፊልም ነው፤ በእውነት የተደረገ ነገር ነው ይባላል። ሃምሳ አለቃ ደጋግመው አይተውታል፤ ቋንቋው ግን ስለማይገባቸው ማን ምን ብሎ የት እንደሚሄድ አልለየላቸውም። “የሚተረጉምልኝ ሰው ጠፋ” እያሉ ያማርራሉ። ራሔል ሆዬ ታዲያ “አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ እንግሊዝኛ እንደ ውኃ ነው የሚናገረው” ብላ ለእሑድ ቀጠረችኝ።

እንቢ ማለት ይቻል ነበር። ግን ያን ሁሉ ጁስ ጠጥቼ ምን ብዬ? ፊልሙን አስቀድሜ ልየው ብላት፣ ሃምሳ አለቃ ፍላሹን ከቤት አያስወጡም። ደግሞስ ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ የጦርነት ፊልም ነው፣ ተኩስ ደግሞ ትርጉም አያስፈልገውም።

እሑድ ከምሳ በኋላ የሆቴሉን ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን ተሸክሞ መጥቶ ፊቴ ላይ ደፋው፤ በሩን ያንኳኳሁት ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው መስዬ ነው። ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ከፈቱልኝ። ከጫማዬ ጀምረው ወደ ላይ አዩኝ፤ ክራቫቴ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ ከዚያ “ግባ” አሉኝ።

ሳሎኑ ውስጥ ያልጠበቅኳቸው ሰዎች አሉ። ከአቦምሳ ዘመዶች በድንገት መጥተዋል። አንደኛው ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ የራሔል እናት የወይዘሮ ብርቄ እህት ባል፤ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በጸጥታ የሚቀመጡ ሽማግሌ። ሁለተኛዋ የኦቦ ገመቹ እናት ናቸው፤ ሁሉም “አኮ” ነው የሚሏቸው፣ አያት ማለት ነው። ለዓይን ሕክምና ነው የመጡት፤ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል፣ ሌላኛውም ብዙ አያይላቸውም። አኮ ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ አይሰሙም። እኔ በበኩሌ “አካም ጅርቱ” እና “ገለቶማ” የሚሉ ሁለት ቃላት አሉኝ፤ በር ላይ ሁለቱንም ተናግሬ ጨረስኩ።

ሃምሳ አለቃ ሁላችንንም በየቦታችን አሰለፉን። ወንበሮቹ ወደ ቴሌቪዥኑ፤ እኔ ግን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ፣ ፊቴን ወደ ሕዝቡ። “አስተርጓሚ ከፊት ነው የሚሆነው” አሉ። ስለዚህ ፊልሙን ለማየት አንገቴን እጠመዝዛለሁ፤ ለመናገር መልሼ እጠመዝዛለሁ። ሪሞቱን እሳቸው ያዙ። ወይዘሮ ብርቄ እንዝርታቸውን ይዘው ከባላቸው ጎን፣ ራሔል ከጓዳው በር አጠገብ ተቀመጡ። ቬንትሌተሩ እየጮኸ ይዞራል፤ እኔን ግን አልቦኛል።

ፊልሙ በጽሑፍ ጀመረ። ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል፣ ብዙ መስመር። “ምን ይላል?” አሉ ሃምሳ አለቃ። ከመካከሉ “ትሩ ስቶሪ” የምትለዋን ለቀም አደረግኩና “ይህ ፊልም እውነተኛ ታሪክ ነው ይላል” አልኩ። በዚያ ቀን በትክክል የተረጎምኩት ነገር ይሄ ብቻ ነው።

“በእውነተኛ ታሪክ ቀልድ የለም” አሉና ተመቻችተው ተቀመጡ።

ኦቦ ገመቹ ወደ እናታቸው ጆሮ ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏቸው። የእኔን ትርጉም ለአኮ እየተረጎሙላቸው እንደሆነ ሲገባኝ ደስታው ወደ ላይ አነሣኝ። ንግግሬ በሁለት ቋንቋ የሚሰማ ሰው ሆንኩ ማለት ነው፤ ክራቫቴን ጠበቅ አደረግኩ።

አንድ ኮሎኔል መጣ። ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ በዘንግ እየነካካ፣ ሳያቋርጥ ያወራል። እኔ ጆሮዬን ቀስሬ የማውቀው ቃል እስኪያልፍ እጠብቃለሁ፤ ባጃጅ እንደሚጠብቅ ሰው። “ኪ” አለ። እዚህ ላይ ያዝኩት። “ቁልፍ ጠፍቶባቸዋል” አልኩ። “ቁልፉን ጠላት ወስዶታል። እሱን ለማምጣት ነው የሚሄዱት።” ኮሎኔሉ ቀጠለ፤ ዘንጉን አንድ ቦታ ላይ ተክሎ “ታወል” አለ። ታወል የምትለዋን ቃል ከገዛ ስሜ እኩል ነው የማውቃት፤ በቀን ስንት ጊዜ ነው ፎጣ የሚጠይቁኝ። “ፎጣውንም እንዳትረሱ ይላል” አልኩ። ኋላ ነው “ኪ” ያለው የመርከብ መጠጊያ እንደሆነ፣ “ታወል” ያልኩትም ታወር፣ የመድፍ ማማ፣ እንደሆነ የነገሩኝ። በጊዜው ግን ሃምሳ አለቃ አገጫቸውን እያሹ “ፎጣ ለምን?” ሲሉኝ፣ “በባሕር ነው የሚሄዱት፣ ይረጥባሉ” አልኳቸው። አገጫቸውን ማሸት ተዉ። ያመኑኝ መሰለኝ።

ራሔል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ያቺ የተረገመች ቃል መጣች። ኮሎኔሉ ካርታው ላይ አንድ ወደብ እያሳየ “ናዜር” አለ። ደገመውም። ሃምሳ አለቃ ሪሞቱን ተጫኑ፤ ኮሎኔሉ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

“ናዝሬት አለ?”

ምን ልበል? የእኛን ከተማ አዳማም በል ናዝሬትም በል ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ እሳቸው ደግሞ የድሮ ሰው ስለሆኑ ናዝሬት ነው የሚሏት። በጆሯቸው ሰምተዋል፤ አልሰሙም ልላቸው ነው? “አዎ፣ ናዝሬት ነው ያለው” አልኩ።

“ይቺን የእኛን ናዝሬት?”

“ይመስለኛል ጋሼ።”

“ይሄ ሁሉ ባሕር ታዲያ ናዝሬት የት ነው ያለው?”

“ቆቃ ነው” አልኩ። ግድቡን፣ ውኃውን፣ ሁሉንም በአንድ ቃል የፈታሁት መስሎኝ በራሴ ኮራሁ።

“ቆቃ ግድብ የተሠራው ከዚያ ጦርነት በኋላ ነው” አሉ ሃምሳ አለቃ ቀስ ብለው።

ላቡ ከአንገቴ ወደ ሸሚዜ ወረደ። ወደ ኦቦ ገመቹ ዞር ብል ኮፍያቸውን እያገላበጡ ያዩታል። ወደ ራሔል ብዞር የለችም። ያዳኑኝ ወይዘሮ ብርቄ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። እስከዚያ ድረስ ፈትል ሲፈትሉ ቆይተው ድንገት እንዝርታቸውን አቆሙ። “ጌታ ያደገባት ናዝሬት ትሆናለቻ” አሉ።

“እሷው ናት” አልኩ ሳልተነፍስ። “የኢየሩሳሌሟ።”

“ናዝሬት ባሕር አላት እንዴ?” አሉ ሃምሳ አለቃ።

“የገሊላ ባሕር የት ሄዶ ነው?” አሉ ወይዘሮ ብርቄ፣ ባላቸውን እየገላመጡ። “ጴጥሮስ ዓሣ ያጠመደበት።”

ስለዚህ ኮማንዶዎቹ በጦር መርከብ በገሊላ ባሕር ላይ ተጓዙ። ነገር ግን ከአንዱ ጉድጓድ ወጥቼ ሌላው ውስጥ ገባሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ወይዘሮ ብርቄ ከከተማዋ ጎን ተሰለፉ። መርከቡ በተጠጋ ቁጥር “ምነው እመቤቴ፣ ይቺን አገር አደራሽን” ይላሉ። ሃምሳ አለቃ በበኩላቸው የኮማንዶዎቹ ወገን ናቸው፤ “በርቱ፣ ዝቅ በሉ፣ ዝቅ በሉ” ይሏቸዋል። ባልና ሚስት በአንድ ሶፋ ላይ ተዋጉ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለማስታረቅ ብዬ “ቤተ ክርስቲያኑን አይነኩትም፣ ወደቡን ብቻ ነው” አልኩ፤ ወይዘሮ ብርቄ ትንሽ በረደላቸው።

ኦቦ ገመቹ ግን ለአኮ ሲነግሯቸው ከመካከሉ “ፈረንሳይ” የምትል ቃል ሰማሁ። ፈረንሳይ ምን አመጣት? አዲስ አበባ ያለው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ትዝ አለኝና፣ ምናልባት ለአኮ ስለ አንድ ዘመድ ቤት እያወሯቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። አያችሁ፣ ያን ጊዜ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

ቀጥሎ አንድ ተራ ወታደር ሻምበሉ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ተናገረ። “ዝግጁ ነህ ወይ እያለው ነው” አልኩ። ሪሞቱ ቀጭ አለ።

“ማን ነው ማንን አንተ የሚለው?”

“ወታደሩ... ሻምበሉን።”

“ተራ ወታደር መኮንኑን አንተ ብሎ ያድራል?”

እንግሊዞች አንተና እርስዎ የሚባል ነገር እንደሌላቸው፣ ለንጉሡም ለእረኛውም አንድ ቃል እንደሚበቃቸው ላስረዳ ፈልጌ ነበር። የሃምሳ አለቃን ዓይን ሳይ ተውኩት። “ይቅርታ፤ ዝግጁ ነዎት ወይ ነው ያለው” ብዬ አረምኩ። ከዚያ በኋላ ላለመሳሳት ሁሉንም እርስዎ አደረግኳቸው። ሻምበሉ ወታደሩን እርስዎ ይለዋል፤ ወታደሩ ውሻውን እርስዎ ይለዋል። ጀርመኑ መትረየሱን ደግኖ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ምራቁ እየተረጨ ሲያንባርቅ እኔ “እባክዎ እጅዎን ወደ ላይ ያድርጉልኝ እያሉ ነው” እላለሁ። ቦምብ ሲወረወር “ይቅርታ፣ ጎንበስ ቢሉ” እላለሁ።

“ጀርመን ሥርዓት ያለው ሕዝብ ነው” አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ያኔ አድናቆት መስሎኝ ነበር።

አኮ መሳቅ ጀመሩ። ከሆዳቸው፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። ያሳቃቸው ግን ግራ ገባኝ፤ ፎጣውን የጠቀስኩበት ሰዓት አይደለም፤ ሰው እየተተኮሰበት ነው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ እኔ ምንም ሳልል “ዋቅ” ብለው አምላካቸውን ጠርተው ደረታቸውን ያዙ። ኦቦ ገመቹን ልብ ብዬ ሳያቸው፣ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ተርጉመው ይጨርሳሉ። አንድ ወታደር ይናገራል፤ ኦቦ ገመቹ ለአኮ ይነግሯቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው እኔ የምናገረው። የሚመጣውን የሚገምቱ ብልህ ሰው ናቸው አልኩ በልቤ። ሞኝነት ሲሰጥ ተሰፍሮ አይደለም።

ራሔል ውኃ ይዛልኝ መጣች። ጎንበስ ስትል በሹክሹክታ “ተው” አለችኝና በአገጯ ወደ ኦቦ ገመቹ ጠቆመችኝ። ገባኝ፤ ለታላቅ ይቅደም ማለቷ ነው። ውኃውን ወስጄ በሁለት እጄ ለኦቦ ገመቹ አቀረብኩላቸው። አመስግነው ጠጡ። ራሔል ግንባሯን ይዛ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ከሩቅ እንደገና በአገጯ ጠቆመችኝ፤ እንደገና ውኃ አቀረብኩላቸው። እንደገና ጠጡ፤ ይሉኝታ ያለባቸው ሰው ናቸው።

መርከቡ የወደቡን በር ገጭቶ ቆመ። ኮማንዶዎቹ እየዘለሉ ወረዱ። “ቻርጅ” ይባባላሉ፤ ለካ ፈንጂ ማለታቸው ነው፤ አንዱ ሽቦ ይዘረጋል። “መገናኛቸውን ቻርጅ እያደረጉ ነው” አልኩ፤ ደግነቱ የሞባይል ዘመን አለመሆኑን በጊዜ አስታወስኩ። እውነቱን ለመናገር ሃምሳ አለቃ እኔን መስማት አቁመዋል። ሪሞቱን ሶፋው ላይ ጥለው፣ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ፊት አዘንብለው ነው የሚያዩት።

የሚያዩት አንድ ልጅ ነው። ፀጉሩ ቀይ፣ ፊቱ ጠቃጠቆ፣ የራስ ቁሩ የሰፋው ልጅ። ሃምሳ አለቃ ከመጀመሪያው ጀምሮ “ቀዮ” ነው የሚሉት። ቀዮ እግሩን ተመታ። ጓደኞቹ ግድግዳ ሥር አስቀመጡት፤ አንዱ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት አንድ ነገር ነገረው፤ ከዚያ ሁሉም ሊወስዳቸው ወደ መጣው ጀልባ ሮጡ። ጀልባው ተነሣ። ቀዮ ከሩቅ እያየው እጁን ከፍ አደረገ።

“ምን አለው?” አሉ ሃምሳ አለቃ። ድምፃቸው የሚያዝዝ ሰው ድምፅ አልነበረም። “ትከሻውን ሲመታው፣ ምን አለው?”

አንድም ቃል አልሰማሁም፤ ፍንዳታው ውጦታል። ፎጣም ቁልፍም የሚመስል ነገር የለበትም። “እንመለስልሃለን ነው ያለው” አልኩ። ከታረምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ ማለት ረሳሁ፤ እሳቸውም አላረሙኝም።

“ተመለሱለት?”

ቴሌቪዥኑ ላይ ጀልባው ጭስ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። ቀጥሎ የመጣው ንጹሕ ቢሮ ነው፤ መኮንኖች ይጨባበጣሉ፣ አንዱ ኒሻን ይደረግለታል። ቀዮ የለም። እየጠበቅኩ ነው፤ ምናልባት ክራንች ይዞ በበር ይገባል ብዬ። ባሕሩ ታየ፣ ሙዚቃው አለቀሰ፣ ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ።

“ተመለሱለት ወይ ነው የምልህ።”

ዞር ስል ሃምሳ አለቃ በመዳፋቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው፤ አቧራ ገብቶበት እንደሆነ ለማስመሰል እንኳ አልሞከሩም። ልቤ ባባ። ስለ ራሔል አላሰብኩም፤ ስለ ሽማግሌም አላሰብኩም፤ ያ ልጅ ግድግዳ ሥር መቅረቱ ነው የቆጨኝ።

“ጽሑፉ ላይ ነው ያለው” አልኩና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሬ ማንበብ ጀመርኩ። “በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁለት ጓደኞቹ ‘ጥለነው አንገባም’ ብለው ጀልባዋን አዞሩ። እዚያው ግድግዳ ሥር አገኙት። ውኃ ጠምቶት ነበር፤ አጠጡት። በጀርባቸው ተሸክመው አወጡት። አገሩ ገብቶ አገባ፤ ልጆቹን ዳረ፤ እያነከሰም ቢሆን በልጅ ልጆቹ ሠርግ ላይ ጨፈረ፤ ይላል።” ጽሑፉ ካለቀ በኋላም ትንሽ አነበብኩ።

“ተመስገን” አሉ ወይዘሮ ብርቄ። “ናዝሬትም ዳነች፣ ልጁም ዳነ።”

አኮ ግን ያለቅሳሉ። ፋሻው እስኪርስ ያለቅሳሉ። ለእንዲህ ያለ መልካም ፍጻሜ ይሄ ሁሉ ለቅሶ ምንድን ነው? ከደስታ ይሆናል ስል፣ ሃምሳ አለቃ ከሶፋው ተነሥተው አኮ አጠገብ ሄደው ቁጢጥ አሉ። እጃቸውን ያዙና ማውራት ጀመሩ። በኦሮምኛ። እንደ እኔ ሁለት ቃል አይደለም፤ ረጅም፣ ለስላሳ፣ መቆሚያ የሌለው ኦሮምኛ፤ አንዳንዴ በጣታቸው እኔን እየጠቆሙ። አኮ አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ ጠየቋቸው፣ መለሱላቸው፣ ከዚያ በእንባቸው መካከል ሳቁ፤ የሃምሳ አለቃን ጉልበት መታ መታ አደረጉ።

ወደ ጓዳው በር ሄጄ “አባትሽ ኦሮምኛ ይችላሉ እንዴ?” አልኳት ራሔልን።

“እናቴን በምን ቋንቋ የለመናት መሰለህ?”

“ኦቦ ገመቹስ... እኔ ያልኩትን አይደል ሲተረጉሙላቸው የነበረው?”

ራሔል ሳቋን ለመያዝ የበሩን መቃን ጨበጠች። “ኦቦ ገመቹ አቦምሳ ውስጥ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ነው ጡረታ የወጡት። ለአኮ እውነተኛውን ፊልም ነው ሲነግሯቸው የነበረው። በአገጬ ስንቴ ጠቆምኩህ? አንተ ሰውየውን በውኃ ገደልካቸው እንጂ።”

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ሳሎን ውስጥ ሁለት ፊልም ነበር። በኦሮምኛ ኮማንዶዎች ፈረንሳይ አገር ሄደው ናዜር የሚባል ወደብ ያፈርሳሉ፤ በአማርኛ ናዝሬት መጥተው ፎጣ ይፈልጋሉ። ከእኔና ከአኮ በስተቀር ሁሉም ሁለቱንም ይሰማል። ወይዘሮ ብርቄ እንኳ የገሊላን ባሕር ያመጡት ሲያዝኑልኝ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ሰው “ዝም በል አንተ ቀጣፊ” አላለኝም፤ የቤት እንግዳ ነኛ።

“ና እስቲ ውጣ” አሉኝ ሃምሳ አለቃ።

ግቢው ውስጥ ፓፓያው ሥር ቆምን። እኔ የምሰናበትበትን ቃል ነው የማዘጋጀው። ሽማግሌውም ራሔልም አበቃላቸው፤ ብርቱካኑን እንኳ መልሰው ቢሰጡኝ አይገርመኝም።

“እንግሊዝኛ አትችልም” አሉ።

“የሆቴሉን ብቻ ነው ጋሼ።”

“እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ወታደር ነበርኩ፤ ፎጣ ይዞ የዘመተ ጦር አላየሁም።” አልሳቁም፤ ግን ድምፃቸው አልከረረም። “ለእንግሊዝኛህ ስትል የዋሸኸውን አልወደድኩትም። ያንን ትተዋለህ።”

“እተዋለሁ።”

“የልጁንስ ለምን ዋሸህ? ገመቹ ለአኮ ሲነግራቸው ሰምቻለሁ። ማንም አልተመለሰለትም። እዚያው ነው የቀረው። አንተ ለምን መለስካቸው?”

ያለኝን ተናገርኩ። “እርስዎን አየሁዎት። እሱንም አየሁት። ጥሎ መሄድ አልሆነልኝም ጋሼ።”

ሃምሳ አለቃ የፓፓያውን ግንድ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ። “እኔም ተትቼ አውቃለሁ” አሉ በመጨረሻ። “እግሬን ተመትቼ። እንደዚያው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ነው የሄዱት። ያወጣኝ የአገሩ ገበሬ ነው፣ በአህያ ጭኖ። አልፈርድባቸውም፤ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ግን ያቺን ጀልባ ባየኋት ቁጥር ትዞራለች እያልኩ እጠብቃለሁ። ዛሬ አንተ አዞርካት። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ደስ አለኝ፤ ሽማግሌ ስትሆን ይገባሃል።”

ክራቫቴን ላላ አደረግኩ።

“ሽማግሌዎችህ መቼ ነው የሚመጡት?” አሉኝ።

“የምን ሽማግሌ?”

“ልጄ ለፊልም ብላ ክራቫት ያሰረ ሰው ቤት የምታመጣ መሰለህ? ስማኝ። ሽማግሌ ላክ። በመጀመሪያው ቀን እሺ አንልም፤ ወጉ ነው፤ ‘እንመካከርበት’ ብለን እንሸኛቸዋለን። በሁለተኛውም እንደዚያው እላቸው ይሆናል። የማን ልጅ ነው ማለቴም አይቀርም። ቅር ብሎህ እንዳትቀር።” ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። “ትመለሳለህ አይደል?”

“እመለሳለሁ ጋሼ።”

ኦቦ ገመቹ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙን ነበር ለካ። ወደ ሳሎኑ ዞር ብለው ለእናታቸው በኦሮምኛ አንዲት አጭር ቃል ነገሯቸው። በዚያ ቀን የእኔን ቃል ሲተረጉሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ከውስጥ የአኮ እልልታ ተሰማ።